የበረዶ ሆኪን በአማርኛ ማስተላለፍ፦ ከአዲስ አበባ ሆኖ የጨዋታ አስተላላፊ ለመሆን

የጨዋታ አስተላላፊ መሆን የሚፈልጉ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው። እግር ኳሱን ለጊዜው ተዉትና በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱትን የበረዶ ሆኪ አስተላልፉ እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። አይፈረድባቸውም። አዲስ አበባ ላይ በረዶ የሚታወቀው በክረምት ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። በክረምት ኦሊምፒክ ባንዲራችን የታየውም በበረዶ ሸርተቴው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር። ሆኪ ለማየት ሩቅ ሳይሄዱ የሚቀርበው ናይሮቢ ነው፤ እዚያ አይስ ላየንስ የሚባል ቡድን አለ።

ታዲያ ለምን ሆኪ? የእኛ አስተላላፊዎች ትልቁ ችግር የድምፅ ወይም የእውቀት ማነስ አይደለም። ኳሷን ጥለው መሄዳቸው ነው። ተጫዋቹ ከየት ክለብ እንደመጣ፣ ባለፈው ዓመት ስንት እንዳገባ፣ አሰልጣኙ ምን እንዳለ ሲያወሩ ኳሷ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግራለች። እግር ኳስ ላይ ይህ ያስኬዳል። መሀል ሜዳ ላይ አራት አምስት ቅብብል እስኪደረግ ወሬያችሁን ጨርሳችሁ ትደርሳላችሁ። ሆኪ ላይ ግን ሁለት ሰከንድ ዞር ካላችሁ ጎል ያመልጣችኋል።

ስለዚህ መመሪያው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ የሆኪ ፍቅር ያለበት ነው። ሌላው ሆኪ ላይ አፉን አፍታቶ ወደ እግር ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ መመለስ የሚፈልግ ነው።

ደረጃ 1፦ ሜዳውንና ሕጉን ያዙ

የሰሜን አሜሪካው ሊግ ኤንኤችኤል የሚጫወትበት ሜዳ 61 ሜትር በ26 ሜትር ገደማ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ሩቡን እንኳ አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቦታ ከየቡድኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይተራመሳሉ። የሚያሳድዷት ፓክ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 7.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ድፍን ጎማ ናት። በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የምትበርበት ጊዜ አለ። ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ዳኛው ሲያፏጭ ሰዓቱም ይቆማል።

ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ሜዳውን ለሦስት ይከፍሉታል፦ የራስ ክልል፣ መሀል እና የተጋጣሚ ክልል። ይህን በደንብ ከያዛችሁ ብዙ ርቀት ሄዳችኋል። አጥቂ ከፓኳ ቀድሞ ሰማያዊውን መስመር ተሻግሮ ከገባ ኦፍሳይድ ነው። ከራስ ግማሽ ሜዳ ተጠልዛ ማንም ሳይነካት የተጋጣሚን የጎል መስመር ካለፈች አይሲንግ ይባላል፤ ጨዋታው በጠላዡ ቡድን ክልል እንደገና ይጀመራል። ቀላል ጥፋት የሠራ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ውጪ ይቀመጣል። ቡድኑ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ተጋጣሚው በዚያ ጊዜ የሚያገኘው ብልጫ ፓወር ፕሌይ ነው። ጎል ካገባበት የተቀጣው ሰው ወዲያው ይመለሳል።

ድብድብስ? አለ። ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው ቢቧቀሱ አምስት አምስት ደቂቃ ይቀመጣሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብሂላችን እዚያ አልደረሰም።

ደረጃ 2፦ ወረቀታችሁን አዘጋጁ

ለአንድ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 20 ሰው ያሰልፋል። 18ቱ ተጫዋቾች፣ ሁለቱ በረኞች ናቸው። በድምሩ 40 ስም ነው። ቅያሬውም ፊሽካ አይጠብቅም። ተጫዋቾቹ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እየዘለሉ ይገባሉ፣ እየዘለሉ ይወጣሉ። አርባ ስም ለየብቻ ለመሸምደድ የሞከረ ሰው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይሰናከላል።

መፍትሔው በቡድን በቡድን መያዝ ነው። አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው በአራት መስመር ይመደባሉ። ተከላካዮች ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ጥንድ። ሦስቱ አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ። አንዱን ካያችሁት የሁለቱ ስም ምላሳችሁ ጫፍ ላይ መሆን አለበት።

አንድ ጠንካራ ወረቀት ወስዳችሁ መሀሉን በመስመር ክፈሉት። ግራው ለአንዱ ቡድን፣ ቀኙ ለሌላው። ለየቡድኑ የተለያየ ቀለም እስክሪብቶ ተጠቀሙ። ቁጥሩን በትልቁ፣ ስሙን ከጎኑ ጻፉ። ከስሙ ሥር አንድ መረጃ ብቻ ይግባ። ሁለት አይደለም፣ አንድ። ሌላው እቤት ይቅር። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ባዶ ሰንጠረዡን በትንሽ ብር ያባዙላችኋል። ስልክ ላይ አትመኑ፤ ልክ በሚያስፈልጋችሁ ሰከንድ ስክሪኑ ይጠፋል።

ከዚያ አንድ የቤት ሰው ቁጥር እየጠራ ይፈትናችሁ። እሱ «አሥራ ስድስት!» ሲል እናንተ ስሙን ትላላችሁ። ታናናሾች ለዚህ ሥራ አንደኛ ናቸው፤ ስትሳሳቱ መሳቅ ይወዳሉ። 99 ቁጥርን ግን አትጨነቁበት። ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዌይን ግሬትዝኪ ክብር ሲል ቁጥሩን ስላነሣው ማንም አይለብሰውም።

ስም አጠራር ላይ ፊደላችን ያግዛል። ድራይሳይትል፣ ራንታነን፣ ፓስተርናክ፣ ኦቬችኪን ብላችሁ እንደሚነበበው ጻፉት። በላቲኑ አጻጻፍ አትመሩ፣ በጆሮ ሂዱ። ብዙዎቹ ቃለ መጠይቅ ላይ ስማቸውን ራሳቸው ሲናገሩ በቪዲዮ ይገኛል። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉበት፤ አለበለዚያ ጨዋታው ሲሞቅ ታላሉታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ግስ ሰብስቡ

ሥራው እዚህ ላይ ነው።

ማይክ ኤምሪክ የሚባል አሜሪካዊ አስተላላፊ አለ። «ዶክ» ይሉታል፤ የዶክትሬት ዲግሪ ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጡረታ ወጣ። ይህ ሰው በአንድ ጨዋታ ብቻ የፓኳን እንቅስቃሴ ለመግለጽ ከመቶ በላይ የተለያዩ ግሶች ይጠቀም ነበር። የእኛስ? «ሰጠ፣ ተቀበለ፣ መታ፣ ወጣ።» አማርኛ ድሃ ሆኖ አይደለም። ስላልሰበሰብን ነው።

ከጃንሜዳ ጀምሩ። የገና ጨዋታ ለሆኪ የቅርብ ዘመድ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ትንሽ ሩር፣ ሁለት ጎራ። ጨዋታውን የተጫወተ አባት ወይም አጎት ካላችሁ ቡና ጋብዙና አስወሩት። ሩሯን «ለጋት» ይላችኋል። በዱላ ለሚመታ ነገር ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። የእግር ኳስ ቃል ለሆኪ ከመለጠጥ ይህን መውሰድ ይሻላል።

ግሶቹን በሥራቸው ከፋፍላችሁ ጻፏቸው። ለመንጠቅ፦ ነጠቀ፣ ቀማ፣ ጠለፈ፣ መነተፈ። ለማቀበል፦ አሻገረ፣ አሾለከ፣ ሰነጠቀ፣ ገፋ፣ አንከባለለ። ለመምታት፦ ለጋ፣ ጠለዘ፣ ጠረገ፣ አጎነ። ለበረኛ፦ ቀለበ፣ መለሰ፣ አጨናገፈ፣ ተፋ፣ በእግሩ ጋረደ። ለእንቅስቃሴ፦ ሾለከ፣ ታጠፈ፣ አፈተለከ፣ ተሽከረከረ። ለግጭት፦ ገጨ፣ ገፈተረ፣ ከግድግዳው ጋር አጣበቀ። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጨምሩበት።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ። «ወደ ግብ መሞከር የቻለበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚለውን ዛሬውኑ ቅበሩት። ይህን ብላችሁ እስክትጨርሱ ሆኪ ላይ ፓኳ ሜዳውን ዞራ ተመልሳለች። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ አድማጩ ዋናውን ነገር የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አሳጥሩ። ስም፣ ግስ፣ ነጥብ። ቋንቋው አንድ ትልቅ ጥቅምም ሰጥቶናል። «ለጋት» ስትሉ ማን፣ ምን አደረገ፣ ምንን የሚለው በአንድ ቃል አለቀ። በዚህ እንግሊዝኛው አይደርስብንም።

እንዲህ ይመስላል፦

«ከራሳቸው ክልል ወጡ። መሀል ደረሱ። አሥራ ሁለት ቁጥር፣ በቀኝ። ሰማያዊውን አለፈ። ወደ መሀል አሾለካት። ዘጠኝ ቁጥር፣ ለጋት! በረኛው መለሳት። አሁንም ክፍት ናት። ጠረጓት፣ ወደ ጥግ።»

ቦታው እንዴት በየመሀሉ እንደገባ ልብ በሉ። «በቀኝ»፣ «መሀል»፣ «ጥግ»። ሬዲዮ ላይ ቦታ የሌለው ግስ ሜዳ የሌለው ጨዋታ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ግን ተመልካቹ ስለሚያይ ግማሹን መቀነስ ትችላላችሁ። ልምምዱን በሬዲዮ ጀምሩ። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን መሄድ ይቀላል፣ ተቃራኒው ይከብዳል።

ደረጃ 4፦ ከፎቅ ላይ ተለማመዱ

የሆኪ ሬዲዮ ሥርጭት አባት የሚባለው ካናዳዊው ፎስተር ሂዊት ነው። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። ቶሮንቶ ላይ አዲሱ አዳራሽ በ1931 ሲሠራ የአስተላላፊው ቦታ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት አማከሩት። እሱም አንድ ሕንፃ ገብቶ ከየፎቁ ወደ መንገደኞቹ እያየ ለካ። አምስተኛ ፎቅ ተስማማው፤ 17 ሜትር ገደማ ነው። ሰዎቹ ይለያሉ፣ መንገዱም ሙሉ በሙሉ ይታያል።

እናንተም ይህን አድርጉ። ስታዲየም ወይም መስቀል አደባባይ አካባቢ አራተኛ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ፈልጉ። መስኮት ዳር ተቀመጡ። ማኪያቶ አዝዛችሁ ለሦስት ደቂቃ የምታዩትን አስተላልፉ። ባቡሩ ጣቢያው ላይ ቆመ። ሚኒባሱ ታጠፈ። ረዳቱ ወረደ። ሰልፉ ተገፋፋ። ቀይ ጃኬት የለበሰው ተሻገረ። የጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ተናገሩ፤ ስልክ እያወራ ነው ብለው ይተዋችኋል። ካፌው ቢሰለች ሌላ ካፌ አለ።

እሁድ ጠዋት ደግሞ ወደ አደባባዩ ውረዱ። የሚንሸራተቱት ልጆች ከተማችን ውስጥ ለሆኪ ከሁሉ የሚቀርቡ ናቸው። ጫማቸው ባለጎማ ቢሆንም አዟዟራቸው፣ ድንገት መቆማቸው፣ ወደኋላ መንሸራተታቸው ያው ነው። ሁለቱን ብቻ ምረጡና ተከተሉ።

ከዚያ ወደ ቪዲዮ ሂዱ። የኤንኤችኤል የማታ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ነገ ሥራ ወይም ትምህርት ያለበት ሰው ለዚህ ብሎ እንቅልፉን አይጣ። የተቀዳ ጨዋታ ይበቃል። ውጤቱን ሳታዩ አውርዱት፣ ድምፁን ዝጉት፣ በስልካችሁ ራሳችሁን ቅዱ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ። አፋችሁ ሲፍታታ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ።

«ከስክሪን አይቶ ማስተላለፍ የውሸት ነው» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ኤምሪክ ራሱ በወረርሽኙ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታዎቹን ያስተላለፈው ሚሺጋን ከሚገኘው ቤቱ ሆኖ ስክሪን እያየ ነው። እኛም አገር የውጭ ጨዋታ በአማርኛ ሲተላለፍ አስተላላፊው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለው። ካሜራው ያላሳያችሁን አትፍጠሩ።

ቅጂውን በማግስቱ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ፓኳ የት እንደነበረች ይታወቃል? «እንግዲህ»፣ «በእውነቱ»፣ «ያው» ስንት ጊዜ ወጣ? ቁጠሩት፣ ያሳፍራል፣ ያሻሽላል። ከቻላችሁ ሆኪ ለማያውቅ ሰው አሰሙት። እሱ ከተከተላችሁ ደህና ናችሁ።

ደረጃ 5፦ ውጤትና ሰዓት

ሬድ ባርበር የተባለ የድሮ የቤዝቦል አስተላላፊ ጠረጴዛው ላይ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገራል፣ ይገለብጠዋል። እናንተም እንዲሁ። ለገሃር ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው አራት ኪሎ ሳይደርስ ስንት ለስንት እንደሆነ መስማት አለበት። በሬዲዮ ሁልጊዜ አሁን የገባ አድማጭ አለ።

ደረጃ 6፦ ጎል

ሳታዩ አትጩኹ። ሆኪ ላይ ጎል ከገባ በኋላም በቪዲዮ ታይቶ ሊሰረዝ ይችላል። ዳኛው እጁን ወደ መረቡ ሲጠቁም ያኔ ልቀቁት።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ያገባውን ስም በሉ። ዝም በሉ። የሕዝቡ ድምፅ ይሰማ። ከዚያ ውጤቱ፣ ሰዓቱ፣ ያቀበሉት ሰዎች። ለአንድ ጎል እስከ ሁለት አቀባይ ይመዘገባል።

ዝም ማለቱ ከሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 1980 በሌክ ፕላሲዱ የክረምት ኦሊምፒክ የአሜሪካ ወጣቶች ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ሲያሸንፉ ማይክ ይዞ የነበረው አል ማይክልስ ነው። ከዚያ ውድድር በፊት ያስተላለፈው የሆኪ ጨዋታ አንድ ብቻ ነበር፤ ለሥራው የተመረጠውም በዚያች አንድ ጨዋታ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ በተአምር ታምናላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አዎ ብሎ ራሱ መለሰ። ከዚያ ማይኩን ለሕዝቡ ጩኸት ተወው።

የእኛን ደምሴ ዳምጤንም አስታውሱ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የሴካፋን ዋንጫ ስታነሣ የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ይመሰላል። ደምሴን የሚያስመስሉ ሰዎች ጩኸቱን ብቻ ይወስዳሉ። ከጩኸቱ በፊት የነበረውን ዝቅታ አይወስዱም። ድምፅ የሚወጣው ከታች ሲነሣ ነው። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጣሪያ ላይ ከወጣችሁ ጎል ሲመጣ የት ትሄዳላችሁ? ኤንኤችኤል ላይ ደግሞ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ስድስት ገደማ ጎል ይገባል። ጉሮሯችሁን ለስድስቱም አካፍሉት።

ስለ ጉሮሮ ከተነሣ፦ ለብ ያለ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር በረጅሙ ተንፍሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ትንሽ ይቸገራል፣ ይለምዳል።

ደረጃ 7፦ ከተንታኙ ጋር

ሁለት ከሆናችሁ ስምምነቱ አጭር ነው። ፓኳ ስትንቀሳቀስ ማይኩ የአስተላላፊው ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ የተንታኙ። በእጅ መነካካት ተግባቡ። ተንታኙ ያለፈውን ያብራራል፣ እናንተ የአሁኑን ትናገራላችሁ። ሁለታችሁም ስለ ያለፈው ካወራችሁ የአሁኑ ባለቤት አጣ።

ደረጃ 8፦ ሥራ ፍለጋ

እዚያ ማዶ መንገዱ ረጅም ነው። ኤንኤችኤል 32 ቡድኖች ብቻ ስላሉት ወንበሩ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት በተማሪ ሬዲዮና በትናንሽ ሊጎች ነው። ከቡድኑ ጋር በአውቶቡስ እየተጓዙ፣ መግለጫ እየጻፉ፣ ማስታወቂያ እየሸጡ። ኤምሪክ እ.ኤ.አ. በ1973 ፖርት ሂውረን በምትባል ትንሽ ከተማ ጀምሮ ኤንኤችኤል የደረሰው በ1980 ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የሃርናራያን ሲንግ ታሪክ ነው። የካናዳው ማሰራጫ ጣቢያ ሲቢሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ሆኪን በፑንጃቢ ቋንቋ ማስተላለፍ ሲጀምር ሥራውን ከያዙት አንዱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ከካልጋሪ ቶሮንቶ የሚበረው በራሱ ገንዘብ ነበር። በ2016 የኤንኤችኤል ዋንጫ በሆነው የስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ላይ ኒክ ቦኒኖ ጎል ሲያገባ «ቦኒኖ ቦኒኖ ቦኒኖ!» እያለ የጮኸው ጩኸት ዓለምን ዞረ። ዛሬ በእንግሊዝኛም ያስተላልፋል። በካናዳና በአሜሪካ ያለውን አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ አስቡት። ልጆቹ ሆኪ እያዩ ነው የሚያድጉት።

አዲስ አበባ ላይ ግን በአቅራቢያችሁ ካለው ጀምሩ። ቅርጫት ኳስና እጅ ኳስ በፍጥነታቸው ለሆኪ ይቀርባሉ። አራት ኪሎ የስፖርት ማዕከል አካባቢ ውድድር ሲኖር አዘጋጁን ቀርባችሁ በትሕትና አነጋግሩ። ሞንታርቦ ካለ ማይክ ያዥ ይፈለጋል። የትምህርት ቤትና የክፍለ ከተማ ውድድርም አትናቁ። ሱፐርስፖርት በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ማስተላለፍ ከጀመረ ወዲህ የቀጥታ ጨዋታ ድምፅ የሚፈለግ ነገር ሆኗል።

ኤፍ ኤሞቹ ላይ አንድ ነገር እወቁ። ብዙዎቹ የስፖርት ፕሮግራሞች የአየር ሰዓት በገዙ አዘጋጆች የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ማመልከቻ ይዛችሁ የጣቢያው አስተዳደር ቢሮ ደጅ አትጥኑ። የፕሮግራሙን አዘጋጅ ፈልጉ።

የምትልኩት ድምፅ ሦስት ደቂቃ ይሁን። ሙዚቃ፣ መግቢያ፣ «ክቡራትና ክቡራን» አይኑርበት። በመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ውስጥ ጨዋታ ይሰማ። ሆኪው ከታች ይምጣ፤ ከላይ የእግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ ቅጂ አስቀድሙ፣ ሰሚው የሚያውቀውን ይስማ። ድምፁን ብቻ ላኩ። የሊጉን ቪዲዮ ድምፃችሁን ለጥፋችሁበት ዩቲዩብ ላይ ከጫናችሁ በቅጂ መብት ያወርዱባችኋል።

መልእክቱን በቴሌግራም እንዲህ ብትጽፉት ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፕሮግራምዎን በየሳምንቱ እከታተላለሁ። የሦስት ደቂቃ ድምፅ ልኬልዎታለሁ። ጊዜ ሲያገኙ ሰምተው የሚስተካከለውን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።» ሥራ አትጠይቁ፣ እርማት ጠይቁ። እርማት የሰጠ ሰው ስማችሁን ይይዛል። መልስ ከዘገየ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱት። ሦስተኛ መልእክት ግን አትላኩ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በነፃ ሥሩ። ከሁለተኛው ጀምሮ ቢያንስ የትራንስፖርት ጠይቁ፤ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ከስታዲየም ራይድ ጠርቶ መሄድ ቀላል ወጪ አይደለም።